ነጠብጣብ ሁሉ ስፖት አይባልም

አራት ኪሎ የምሠራበት የትርጉም ቤት ደረጃ ሥር ልብስ የሚሸጡ እናት አሉ። ከፒያሳ ከተነሱ ወዲህ ነው እዚህ የመጡት። ውጭ አገር ላሉ ደንበኞች በስልክ ፎቶ እየላኩ መሸጥ ከጀመሩ ሰነባብተዋል፤ ከፎቶው ሥር የሚገባውን እንግሊዝኛ የምጽፍላቸው እኔ ነኝ። ክፍያው አንድ ማኪያቶ ነው። ባለፈው ክረምት አሥራ አንድ ቀሚስ አምጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ከመሩት። ነጭ ሆኖ ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት አለ፣ የነብር ቆዳ የመሰለ አለ፣ ግራጫ ሆኖ ነጭ ክር የተበተነበት አለ። ቸኩዬ ስለነበር ሁሉንም በአንድ ቃል ገላገልኳቸው። የመጀመሪያውን “ኤ ዋይት ድሬስ ዊዝ ስፖትስ” ብዬ ጻፍኩት።

በማግስቱ ከደንበኛዋ የመጣው መልስ አጭር ነበር፦ እድፉ ሲታጠብ ይለቃል ወይ?

እትዬ ስልካቸውን አፍንጫዬ ሥር አድርገው “አንተ ልጅ፣ ቀሚሴን ምን ብለህ ነው ያቆሸሽክብኝ?” አሉኝ።

እውነታቸውን ነው፤ ያቆሸሽኩት እኔ ነኝ። ስለ ነጭ ልብስ እየተወራ ስፖት አለበት ሲባል የእንግሊዝኛ ተናጋሪ ጆሮ መጀመሪያ የሚያስበው ቆሻሻ ነው። ፍጹም ንጹሕ የሆነውን ነገር “ስፖትለስ”፣ ማለትም ስፖት የሌለበት፣ የሚሉትም ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ መኃልየ መኃልይ ላይ ወዳጁን ሲያወድሳት ስፖት የለብሽም ይላታል፤ የእኛው ነውር የለብሽም ያለውን መሆኑ ነው። “ስፖትድ” ብዬ ብጽፍ ትንሽ ይሻል ነበር፣ ያኔ ነጠብጣቡ የጨርቁ ጠባይ መሆኑ ይገባል። “ፖልካ ዶት” ብል ደግሞ ጥያቄም ባልተነሳ።

የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላት ብትከፍቱ ስፖት፣ ዶት፣ ስፔክ፣ ስፔክል፣ ፍሌክ ከሚሉት ቃላት ፊት ነጥብ፣ ነቁጥ፣ ነጠብጣብ እየተፈራረቁ ታገኛላችሁ። እንደ ዳዊት ቢደግሟቸውም ልዩነታቸው አይገለጥም። እንግሊዝኛ አፉን የፈታበት ሰው ከእነዚህ አንዱን ከመምረጡ በፊት፣ ራሱም ሳያውቀው፣ ጥቂት ጥያቄ ይጠይቃል። ነጠብጣቡ ተፈልጎ የመጣ ነው ወይስ ሳይታሰብ የደረሰ? ምን ያህላል? ዳሩ የጠራ ነው ወይስ እየደበዘዘ የሚጠፋ? ብቻውን ነው ወይስ ተበትኗል? የመጀመሪያው ከሁሉም ይከብዳል ባይ ነኝ፤ እኔን ያዋረደኝም እሱ ነው።

አማርኛ መንገዱ ሌላ ነው። እኛ ከመጠኑና ከዳሩ በፊት ምን ይመስላል ብለን እንጠይቃለን። ለበዓል ዶሮ ሲገዙ ከገጠር ከመጣ ነጋዴ ጋር የተከራከረ ሰው ያውቀዋል፤ ነጭና ጥቁሩ እንደ ገብስ የተቀላቀለው ገብስማ ነው፣ ጥቁር ላይ እንደ ዥግራ ነጭ ጣል ጣል ያለበት ዥግርማ ነው። ያቺ “ማ” ያልገባችበት የለም፤ ቡናን የመሰለው ቡናማ፣ አመድን የመሰለው አመድማ። ሽበት የጣለበትንም ጠጉር ገብስማ እንላለን። እንግሊዝኛው ደግሞ ለዚሁ ጠጉር “ሶልት ኤንድ ፔፐር” ይላል፣ ጨውና ቁንዶ በርበሬ። እኛ ወደ አውድማ ሄድን፣ እነሱ ወደ ማዕድ ቤት። እንዲህ የሚገናኙበት ቦታ ግን ጥቂት ነው። ዥግርማን በአንድ የእንግሊዝኛ ቃል ላስቀምጥ ያለ ሰው “ስፔክልድ” ማለቱ አይቀርም፤ ዥግራዋ ግን በረረች ማለት ነው።

አንድ የሚያመሳስላቸው ነገር ድምፁ ላይ አለ። እኛ ብዛትንና መበታተንን የምናሳየው ቃሉን በመደጋገም ነው፤ ነጥብ ሲበዛ ነጠብጣብ፣ ብልጭ ሲበዛ ብልጭልጭ፣ ቡሬ ሲደባለቅ ቡራቡሬ። ዝንጉርጉርም ጠቃጠቆም አፍ ውስጥ የሚንከባለሉት በዚሁ ነው። እንግሊዝኛ መደጋገሙን ብዙም አይወደውም፤ በምትኩ ጫፉ ላይ “ል” ይለጥፋል። ስፔክ አንዲት ብናኝ ናት፣ ስፔክል ግን የተበተነ ነው። ስፓርክ የእሳት ፍንጣሪ ነው፣ ስፓርክል መብለጭለጭ። ፍሬክል፣ ዳፕል፣ ሞትል፣ ስቲፕል ሁሉ በዚያች ድምፅ ያልቃሉ። ሁሉም የተወለዱት በአንድ ሕግ አይደለም፤ ሞትል ለምሳሌ ሞትሊ ከሚለው፣ ዝብርቅርቅ ማለት ከሆነው፣ ተቆርጦ የወጣ ነው። ጆሮ ግን የትውልድ ሐረግ አይቆጥርም፤ ጫፉ ላይ “ል” ሲሰማ ጥቃቅንና ብዙ ነገር ይታየዋል።

ወደ ቀሚሱ እንመለስ። ዶት ማለት ሰው አስቦ ያስቀመጠው፣ ክብ፣ ትንሽና ዳሩ የጠራ ነጥብ ነው። አራት ነጥባችን አራት ዶት ናት እንጂ አራት ስፖት አይደለችም፤ የኢንተርኔት አድራሻ ውስጥ ያለችውም ዶት ነች። ስፖት ከዶት ሰፋ ይላል፣ ክብነቱም ፍጹም መሆን የለበትም፣ ተፈጥሮ ወይም አጋጣሚ ያመጣው ነው። ነጭ ቀሚስ ላይ እኩል እየተራራቀ የተደረደረ ጥቁር ክብ እንግዲህ ያለ ክርክር ዶት ነው። ፖልካ የምትለው ቅጽል የመጣችው ከጭፈራ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ላይ ከቦሂሚያ፣ ከዛሬዋ ቼክ፣ የተነሳ ፖልካ የሚባል ጭፈራ አውሮፓና አሜሪካን አሳበደ፤ ነጋዴዎች በወረቱ ኮቱንም ባርኔጣውንም ፖልካ እያሉ ሸጡት። ጭፈራው ሲያልፍ የቀረችው ነጥቧ ናት። በጨርቅ ነጋዴው ዓለም መጠኗም ስም አላት፤ የስፒል ራስ የምታህለው “ፒን ዶት”፣ የሳንቲም ያህል የሰፋችው “ኮይን ዶት”። በስስ ጨርቅ ላይ ነጥቧ በክር ተሠርታ ጣት ሲያልፍባት የምትዳሰስ ከሆነ “ዶትድ ስዊስ” ትባላለች። ከእትዬ አሥራ አንድ ቀሚሶች አንዱ እንዲህ ዓይነት ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ እንድነካው ያደረጉኝ እሳቸው ናቸው፤ ጣቴ ሥር የምስር ክክ የተሰፋ ይመስል ነበር።

ግራጫው ቀሚስ ሌላ ነው። እሱ ላይ ያለው ነጭ ነገር አልተደረደረም፤ እዚህም እዚያም ክሩ ውስጥ ብቅ ጥልቅ ይላል። ለዚህ “ፍሌክድ” ነው የሚባለው። ፍሌክ ቀላል፣ ተፈናጥሮ ያረፈ የሚመስል የቀለም ወይም የሌላ ነገር ቁራጭ ነው፤ ግድግዳ ሲቀባ ፀጉር ላይ የሚቀረው ቀለም ፍሌክ ነው። ስፔክ ከዚያም ያንሳል፣ ብዙ ጊዜም ብቻውን ነው፤ አቧራ ስፔክ ነው፣ ከሩቅ የሚታይ አውሮፕላን ስፔክ ነው። ማቴዎስ ወንጌል ላይ በወንድምህ ዓይን ውስጥ ያለውን ጉድፍ የተባለው በአሁኖቹ የእንግሊዝኛ ትርጉሞች ስፔክ ሆኖ ይገኛል። ጉድፍን ስፔክ ብሎ ማስታወስ ይበቃል፤ ሁለቱም እዚህ ግባ የማይባሉ ሲሆኑ ዓይን ውስጥ ሲገቡ ብቻ ይገዝፋሉ።

ነብሩ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ እዚህ ላይ ብዙዎቻችን ሁለት ጊዜ እንሳሳታለን። አንደኛው፣ ነብርን ታይገር እንለዋለን። ታይገር የእስያ አውሬ ነው፣ በእኛ ዱር የለም፣ ልብሱም ባለ መስመር ነው። የእኛ ነብር ሌፐርድ ነው። ስለዚህ እትዬ ታይገር ብለው የሚሸጡት ቀሚስ በእንግሊዝኛ “ሌፐርድ ፕሪንት” ይባላል፤ ታይገር ፕሪንት ብዬ ብልክላቸው ደንበኛዋ ሰንበር ሰንበር ያለ ጨርቅ ጠብቃ ሌላ ክስ ይመጣብን ነበር። ሁለተኛው ስሕተት ነጠብጣቡን ቀረብ ብሎ አለማየት ነው። የነብር ጎን ላይ ያለው ድፍን ነጥብ አይደለም። ጥቁሩ ተሰባብሮ ክብ ይሠራል፣ መሐሉ ከቀሪው ፀጉር ትንሽ ጠቆር ባለ ወርቃማ ቀለም ተሞልቷል፤ እንግሊዝኛ ከፈረንሳይኛ ወስዶ “ሮዜት” ይለዋል፣ ትንሿ ጽጌረዳ እንደማለት። በደቡብ አሜሪካው ጃጓር ሮዜት ውስጥ ደግሞ ተጨማሪ ትናንሽ ነጥቦች አሉ፤ ሁለቱን የሚለዩት በዚያ ነው። አቦ ሸማኔ ግን ሮዜት የለውም፣ ድፍን ጥቁር ስፖት ነው ያለው። ጨርቁን ዘርግታችሁ ክቡ ክፍት ከሆነ ሌፐርድ፣ ድፍን ከሆነ ቺታ በሉት። ሌሊት ሌሊት ከእንጦጦ ወርዶ የምንሰማው ጅብም በእንግሊዝኛ ሙሉ ስሙ ስፖትድ ሃይና ነው፤ እያረጀ ሲሄድ ነጠብጣቡ ይደበዝዛል።

ነቢዩ ኤርምያስ ነብር ዝንጉርጉርነቱን ይለውጥ ዘንድ ይችላልን ብሎ የጠየቀው፣ ከዚያው ጥያቄ ውስጥ ኢትዮጵያዊውን ያነሳበት፣ በእንግሊዝኛ ተረት ሆኖ ቀርቷል፤ ጠባዩ የማይለወጥ ሰው ሲገጥማቸው ነብር ስፖቱን አይቀይርም ይላሉ። ለእንዲህ ዓይነቱ ቃል መማሪያ ከመጽሐፍ ቅዱስ ሁሉ የበለጠው ግን ዘፍጥረት 30 ነው። ያዕቆብ ከላባ ጋር መንጋ ሲካፈል የእኛው ትርጉም ዝንጉርጉር፣ ነቁጣ ያለበት፣ ሽመልመሌ መሳይ እያለ ይዘረዝራል፤ የ1611ዱም በበኩሉ ስፔክልድና ስፖትድ እያለ ይለያል። ደመወዙ በነጠብጣቡ ዓይነት የሚሰፈርለት እረኛ ለቃላቱ ቸልተኛ ሊሆን አይችልም።

የከብትና የፈረስ ቃላት ዘንድ ስንደርስ እንግሊዝኛ ራሱ እረኛ ይሆናል። ጥቁርና ነጭ በሰፋፊው የተከፋፈለ ፈረስ “ፓይቦልድ” ነው። ነጩ ከጥቁር ሌላ ቀለም፣ ለምሳሌ ከቡናማ ጋር ከሆነ “ስኪውቦልድ” ይሉታል፤ ይህን የሚለዩት በተለይ እንግሊዞች ናቸው። ፓይ ማለት እዚህ ላይ የሚበላው አይደለም፤ ማግፓይ የምትባል ጥቁርና ነጭ ወፍ የጥንት ስሟ ነው። አራት ኪሎ አጥር ላይ የሚያርፈው ደረተ ነጭ ቁራም በዚሁ ቃል “ፓይድ ክሮው” ይባላል። ቦልድ የሚለው ደግሞ ዛሬ ራሰ በራ ማለት ሲሆን ድሮ ግን ነጭ ምልክት ያለበት ማለትም ነበር። የአሜሪካን ዓርማ ቦልድ ኢግልን ራሰ በራ ንስር ብለው የሚተረጉሙ አሉ። የወፉ ራስ በነጭ ላባ የተሸፈነ ነው፣ ምንም አልተመለጠም። ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበትን ፈረስ ቦቃ የሚል ገበሬ ቢተረጉመው ኖሮ ቦቃው ንስር ብሎ ይገላገል ነበር።

“ዳፕል” የሚሉት ሌላ ነው፣ ከሁሉም የምወደው እሱን ነው። ግራጫ ፈረስ ገላው ላይ ፈዘዝ ያሉ ክቦች እርስ በርስ ሲገናኙ፣ የት ጀምሮ የት እንዳበቃ ሳይለይ፣ ዳፕል ግሬይ ይባላል። ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ስድስት ኪሎ ግቢ ትልልቆቹ ዛፎች ሥር ተቀምጣችሁ መሬቱን ተመልከቱ። በቅጠል መሐል አምልጦ የወረደው ፀሐይ ሣሩ ላይ፣ ጫማችሁ ላይ፣ የተከፈተው ደብተር ላይ ይወድቃል፣ ነፋስ ሲመጣ ይንቀጠቀጣል። “ዳፕልድ ላይት” ያ ነው። ዳፕል ሁልጊዜ ደስ የሚል ነገር ነው፤ ዳፕል ያለበት ፊት ብሎ በሽታ የሚገልጽ አይገኝም። የዳፕል ዘመድ “ሞትል” ግን ደረቅ ነው። ቀለሙ ተዘበራርቆ ዳር የሌለው ሲሆን፣ እብነ በረድ ላይ፣ እንቁራሪት ጀርባ ላይ፣ በብርድ የተመታ ሕፃን እግር ላይ፣ ሞትልድ ነው። ቡራቡሬ ከሁለቱም ጋር ይሄዳል፣ እንደ አገባቡ።

ሳይታሰብ የደረሰው ወገን አጭር ነው። ብሎች ሰፊ፣ ቅርጽ የለሽና የማያምር ነው፤ ስታለቅስ የዋለች ሴት አንገት ላይ የሚታየው ብሎች ነው። ቀለም ወረቀት ላይ ሲንጠባጠብ ብሎት ነው። ነጠላ ላይ የፈሰሰ ወጥ፣ ዘልቆ የገባና እንቢ ያለ፣ ስቴይን ነው። ያች ደንበኛ የጠየቀችው በልቧ ይህን ነበር። ፓች ደግሞ ከስፖት የሰፋ፣ ከቀሪው የተለየ አካባቢ ነው፤ ሣር የደረቀበት ቦታ፣ ሰማይ ላይ ደመና የተገለጠበት።

እንጀራን የረሳሁት እንዳይመስላችሁ። የእንጀራ ዓይን ቀለም ስላልሆነ ከእነዚህ ቃላት አንዱም አይሆነውም። “ሆልስ” ቢሉት ቀዳዳ ነው፣ የተበሳሳ ያስመስለዋል። “ፖክማርክድ” ብሎ የጻፈ የምግብ ዝርዝር አይቻለሁ፤ ፖክ የፈንጣጣ ቁስል ነው፣ የበሽታው ስም ስሞልፖክስ ውስጥ ያለው ፖክስም የፖክ ብዙ ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 የራሷ የመጨረሻ የፈንጣጣ ታማሚ የተገኘባት አገር ልጆች እንጀራችንን በፈንጣጣ ጠባሳ አንገልጽም። ደግነቱ የአይብ ሠሪዎች እንግሊዝኛ ያድነናል፤ የስዊዝ አይብ ላይ ያሉትን ጉድጓዶች “አይዝ”፣ ዓይኖች፣ ነው የሚሏቸው። እኔ አይዝ ብዬ እጽፋለሁ፤ የገረመው ይጠይቅ።

አሁን ማኪያቶዬ ጋ ደረስኩ። ማኪያቶ በጣሊያንኛ ነጠብጣብ ያረፈበት፣ እድፍ የነካው ማለት ነው። ጥቁሩ ቡና ላይ ወተት ጠብ ሲል ቡናው ጨቀየ፣ ነጠብጣብ ወጣበት። በየቀኑ ጠዋት ቆመን “አንድ ማኪያቶ” ስንል “አንድ ነጠብጣብ ያለበት” ማለታችን ነው። የቃሉ ሥር በላቲን “ማኩላ” ነው፣ ነቁጥ። ከዚሁ ሥር እንግሊዝኛ “ኢማኩሌት” የሚለውን አገኘ፣ እንከን የለሽ ማለት ሲሆን ሥሩን ብንፈታው ማኩላ የሌለበት ነው። የዓይን ሐኪም ማኩላ ሲል ደግሞ የዓይን መጋረጃ መሐል ላይ ያለችውን፣ ፊደል የምናነብባትንና ፊት የምንለይባትን ትንሽ ቦታ ማለቱ ነው። የቆዳ ሐኪሙም “ማኪዩል” ይላል። ሁሉም የማኪያቶ ዘመዶች ናቸው።

ቃል መሳሳት ቀሚስ ከማቆሸሽ አልፎ ሰው የሚጎዳው ቆዳ ላይ ስለሆነ የሕክምና ወረቀት ሲመጣልኝ እጄን ሰብሰብ አደርጋለሁ። ሐኪሞች የተራውን ሰው ስፖት ትተው በጣት በዳሰሳ ይለያሉ። ሲዳሰስ ከቆዳው እኩል ከሆነ፣ ቀለም ብቻ ከተለወጠ፣ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ሲያንስ ማኪዩል፣ ሲበልጥ ፓች ነው። ከፍ ብሎ ከተዳሰሰ ትንሹ ፓፒዩል፣ ሰፊው ፕላክ ይባላል። ውኃ ከቋጠረ ቬሲክል፣ መግል ከያዘ ፐስቹል። ሽፍታን በጥቅሉ “ራሽ” ይሉታል፤ ራሽ በሌላ በኩል ደፋርና ችኩል ማለት ነው፣ የእኛም ሽፍታ ጫካ የገባው ነው፣ በዚህ እንኳ ተግባብተናል።

ተራው እንግሊዝኛ የራሱ ወጥመድ አለው። እንግሊዝ አገር ያለ ሰው ፊቴ ላይ ስፖት ወጣ ካለ ብጉር ማለቱ ነው፤ አሜሪካዊው ለዚያ ፒምፕል ይላል። ጠቃጠቆ ፍሬክል ነው፣ ፀሐይ ሲበዛ ይጎላል። ማርያም የሳመችው የምንለው በርዝማርክ ነው፣ ከልደት የመጣ ምልክት፤ ትርጉሙ ላይ ማርያም ብትቀርም ሐኪሙን አታስቸግሩ። ማድያት ሜላዝማ ነው። ቋቁቻ ፈንገስ ነው፣ ስሙም ቲኒያ ቨርሲከለር። ለምጽ ላይ ግን ቁም በሉኝ። ዛሬ ለምጽ የምንለው ቆዳ ቀለሙን አጥቶ የሚነጣበት፣ የማይተላለፈው “ቪቲላይጎ” ነው። በመጽሐፍ ቅዱስ ግን ለምጽ ሲባል እንግሊዝኛው ሌፕረሲ እያለ ነው የተረጎመው፣ ሌፕረሲ ደግሞ ዛሬ ሥጋ ደዌ ነው። አንድ ጊዜ አንድ ወጣት ሌላ ቦታ ያስተረጎመውን የጤና ወረቀት ይዞ መጣ፤ ለምጹ ሌፕረሲ ተብሎ ነበር። ለቪዛ ሊያስገባው ነበር። ወረቀቱን ቀድጄ እንደገና ጻፍኩት፣ ሒሳብም አልተቀበልኩትም።

ከዚህ ሁሉ ወላጅ ሊያውቀው የሚገባው “ፔቴኪያ” የሚባለውን ነው። ከቆዳ ሥር ደም ፈሶ የሚሠራቸው፣ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ነቁጦች ናቸው፤ ሰፋ ሲሉ ፐርፕራ ይባላሉ፣ የበለዘ ያህል ሲሰፉ ኤኪሞሲስ። መለያቸው ቀላል ነው። የብርጭቆ ጎን ሽፍታው ላይ ጫን አድርጉና በመስታወቱ ውስጥ ተመልከቱ፤ ተራ ሽፍታ ሲጫኑት ይደበዝዛል፣ ይህ ግን አይጠፋም። ትኩሳት ያለው ልጅ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ከታየ ነገ አይባልም፣ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ነው። እንግሊዝኛው መጽሐፍ ሽፍታ ሁሉ ቀይ ነው ሲል አትመኑት፤ ያ የተጻፈው ለነጭ ቆዳ ነው። በጥቁርና በጠይም ቆዳ ላይ ሐምራዊ፣ ጠቆር ያለ ቡናማ ወይም ግራጫ ሆኖ ሊታይ ይችላል፣ አንዳንዴም ጨርሶ አይለይም፤ መዳፍ፣ የእግር ውስጥ፣ ላንቃ፣ የዓይን ቆብ ውስጡ ይታያል። ኩፍኝ ላይ ሐኪሙ የልጁን አፍ ከፍቶ ጉንጩን በውስጥ የሚያየው “ኮፕሊክ ስፖትስ” ፍለጋ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1896 ሄንሪ ኮፕሊክ የገለጻቸው፣ ጨው የተነሰነሰ የሚመስሉ ነጫጭ ነቁጦች ናቸው፣ ሽፍታው ሳይወጣ ይቀድማሉ። ዓይን ነጩ ላይ አረፋ የመሰለ ነገር ደግሞ “ቢቶትስ ስፖትስ” ነው፣ የቫይታሚን ኤ እጥረት ምልክት። ሴት ሐኪሟ ጋ ሄዳ “ስፖቲንግ” አለሽ ወይ ስትባል ስለ ቆዳ አይደለም የምትጠየቀው፣ ከወር አበባ ውጭ ጠብ ጠብ የሚል ደም ማለት ነው።

ከነጠብጣብ ጭራሽ የራቁት የስፖት ትርጉሞች ብዙ ናቸው፣ አልፋቸዋለሁ። መኪና ማቆሚያም ስፖት ነው፣ ቡና እዚያው ተከፍሎ እዚያው የሚረከቡበትም ገበያ ስፖት ነው፣ ማየትም ስፖት ነው። ለዚህም ነው የእንግሊዝ ልጆች ነብሩ “ስፖትድ” ነበር ብለው የሚሳሳቁት፤ ታየም ማለት ነው፣ ዝንጉርጉር ነበርም ማለት ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ከእትዬ ጋር አሥራ አንዱን ቀሚስ እንደገና ዘረጋናቸው። ነጩ ፖልካ ዶት፣ የሚዳሰሰው ዶትድ ስዊስ፣ ግራጫው ፍሌክድ፣ ታይገሩ ሌፐርድ ሆነ። ለእያንዳንዱ ምክንያቱን ስነግራቸው ቆይተው በመጨረሻ የነጩን ቀሚስ ጠርዝ ገልበጥ አደረጉና በጣታቸው አሳዩኝ። ስፌቱ አጠገብ የምስር ፍሬ የምታህል ቢጫ ነገር ነበረች።

“ይቺንስ ምን ትላታለህ?”

“ይቺማ ስፖት ናት፣ እትዬ።”

“እንግዲያው እሷን አትጻፋት፣ አጥባታለሁ” ብለው ቀሚሱን አጥፈው ብብታቸው ሥር ወሸቁት።